ሽማግሌዎቹ የሸጡት ሞተር

ውብአለም ሞተሩ ላይ ወጥታ እግሮቿን መሬት ስታስነካ ጸጋአብ እንደ ልማዱ ከኋላ ዞሮ ተንበረከከ። ይህ ሰውዬ ምን እንደሚያይ እስካሁን አልገባትም። ሌላው ሰው ሞተር ሲያይ የነዳጅ ሰልባትዮውን ይዳብሳል፣ መሪውን ይጨብጣል፣ አስነስቶ ድምፁን ያዳምጣል። ጸጋአብ ግን ሪድዋን ሱቅ አብሯት መመላለስ ከጀመረ ወዲህ ዓይኑ የሚያርፈው የኋላው ወንበር ላይ ብቻ ነው። በመዳፉ ጫን ጫን ያደርገዋል፣ በስንዝር ይለካዋል፣ የእግር ማሳረፊያዎቹን ይዘረጋና መልሶ ያጥፋቸዋል። ከዚያ ቀና ብሎ ያያታል። ስታየው ደግሞ ሂሳብ እንዳልገጠመለት ሰው መነጽሩን ያስተካክላል። ሥራውም አካውንታንት ነው፤ አመሉ ከሥራው ይሁን ሥራው ከአመሉ አይታወቅም።

«ምን እያየህ ነው?» አለችው።

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

ዝም ብሎ የሚለካ ሰው የለም። ውብአለም ይህን በልቧ ይዛ ወደ ሞተሩ ተመለሰች።

ሪድዋን የጅማ ልጅ ነው። ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን መንገድ ላይ ያገለገሉ ሞተሮች ይሸጣል። እንደ ሌላ ነጋዴ የሞተሩን ፍጥነትና ጉልበት አይዘረዝርም። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ሞተር የሚመለስ ሰው ሲመጣበት የሞተር ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ሻዩን ይዞ ገለል ይላል። «ድሮ ነዳሁ የሚል ሰው የሚገዛው የድሮ ጉልበቱን ነው» ይላል። «እኔ ደግሞ የዛሬ ጉልበቱን ነው ማየት የምፈልገው። ተቀመጪ እህቴ። እግርሽ መሬት ይድረስ አይድረስ፣ ወገብሽን ይመምሽ አይመምሽ እንይ፣ ሌላውን ኋላ እናወራለን።»

ውብአለም አሥራ አራት ዓመት ሞተር አልነካችም። ከዚያ በፊት ግን ወላይታ ሶዶ ላይ ነርስ ሆና፣ የክትባት ሳጥን ከኋላ አስራ፣ በጭቃና በዳገት ያማሃ ትነዳ ነበር። የገጠሩ ሰው በስሟ አያውቃትም፤ «ሞተረኛዋ ሲስተር መጣች» ነበር የሚለው። ከዚያ ታላቅ ወንድሟ ብርሃኑ ስፖንሰር አድርጎ ቶሮንቶ አመጣት። እዚህ ነርስነቱ ወረቀት ላይ ቀረና የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አስታማሚ ሆነች። ሽማግሌ ማንሳት፣ ሽማግሌ ማገላበጥ፣ ከዚያ ወደ ቤቷ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚወስዳትን አውቶቡስ መጠበቅ ኑሮዋ ሆነ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ያው አውቶቡስ ጥበቃ ነው። በጸደይ መጀመሪያ ፌርማታው ላይ ቆማ ሳለ መብራት የያዘው አንድ ዝቅ ያለ ሞተር ፊቷ ቆመ። ነጂዋ ሽበት የወረራት ሴት ነበረች። እግሮቿን ዘና አድርጋ መሬት አሳረፈችና ውብአለምን ራሷን ነቅነቅ አድርጋ እጅ ነሳቻት። መብራቱ ለቀቃት፣ ሄደች። ያን ቀን ውብአለም በሽተኞቿን ስታገላብጥ ቀኝ እጇ ነዳጅ እንደሚሰጥ ሁሉ ሲጠማዘዝ አገኘችው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እሷ ግን አገሩን ታውቀዋለች።

«ለምን ክሩዘር የሚባለውን ሞተር?» ብሎ ጠየቃት ጸጋአብ የዚያን ሰሞን፣ በመኪናው ከቤተ ክርስቲያን ሲያደርሳት።

«ወገቤ ሽማግሌ በማንሳት አልቋል። ክሩዘር ዝቅ ያለ ነው፣ ቀና ብለህ ነው የምትቀመጠው። ፍጥነት አያምረኝም። ሶዶ ዳገቱ ላይ ሞተሩ እንዴት እንደሚያጉረመርም፣ ከታች ወንዙ፣ ዝናብ ሲያባራ ደግሞ የአፈሩ ሽታ...» እያለች ስትቀጥል አረንጓዴ መብራት በርቶ ከኋላ ጡሩምባ እስኪነፉበት ድረስ እሷን እያየ ቀረ። ጸጋአብ ይኸው ነው። በልጅነቱ በአባቱ መኪና ትምህርት ቤት ሲመላለስ ያደገ፣ ብስክሌት እንኳ የሚፈራ የቦሌ ልጅ ነው። ግን ሲያዳምጥ የሚያዳምጠው በሙሉ ፊቱ ነው። ውብአለም የወደደችውም ይህንኑ ነው።

ሊጋቡ ተስማምተዋል። በቤተ ክርስቲያናቸው ወግ ደግሞ ሁለት ሰው ስለተስማማ ብቻ ጋብቻ አይሆንም። ሽማግሎች ጸልየው ይሄዳሉ፣ ቤተሰብ እሺ ይላል፣ ከዚያ ፓስተሩ ያስተምራቸዋል። የውብአለም ቤተሰብ እዚህ አገር ብርሃኑ ነው። ጸጋአብም ጡረታ የወጡትን መምህር ጋሽ ተሻገርንና ሁለት ወንድሞችን ወደ ሬክስዴል፣ ወደ ብርሃኑ ቤት ላከ። ሽማግሎቹ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ውብአለም በማግስቱ ወንድሟ ዘንድ ስትሄድ ልቧ በእልልታ ተሞልቶ ነበር።

ብርሃኑ ከዊንዘር ጭነት አድርሶ መመለሱ ነው። ትልቅ ትራክ ነጂ ነው፤ ሰውነቱም ድምፁም እንደ ትራኩ ነው። አቅፎ ጉንጯን ሳማት።

«እሺ ብያቸዋለሁ» አላት። «ጥሩ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡም ጥሩ ነው። ሞተሩንም እንኳን ተውሽው።»

«የቱን ሞተር ጋሼ?»

«ጋሽ ተሻገር ነገሩኝ እኮ። እኔ መጀመሪያ እምቢ ነበር ያልኩት። እህቴን ሞተር ላይ እያያት ዝም የሚል ሰው ባል አይሆናትም አልኳቸው። እሳቸውም ‹በልጁ ስም ቃል እንገባለን፣ የሞተር ነገር ከእንግዲህ አይነሳም› አሉኝ። ያን ስሰማ እሺ አልኩ።»

ውብአለም ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ሽምግልናን ታውቀዋለች። ሽማግሌ ባዶ እጁን መመለስ ሞቱ ነው። እሺ እስኪያስብል ድረስ ከወዲህ ይቆርጣል፣ ከወዲያ ይቀጥላል፣ የእሱ ያልሆነውንም መርቆ ይሰጣል። ያልገዛችው ሞተሯ ወንድሟ ሳሎን ውስጥ በጸሎት ተከፍቶ በጸሎት በተዘጋ ስብሰባ ተሸጧል። ግን «በልጁ ስም» ብለዋል። ሽማግሌ ሙሽራው ሹክ ያላለውን ከየት ያመጣዋል?

በአውቶቡስ ስትመለስ ያ የኋላ ወንበር መጣባት። ሲጫነው፣ ሲለካው፣ ሰርቆ ሲያያት። ገባኝ አለች በልቧ። ከኋላ የሚያስቀምጣትን ሲለካ ነው የከረመው፤ ያውም ሳይበቃው ጭራሽ ሞተሩን አስተዋት። ሌላ ሰው ቢሆን ንዴት ብቻ ይሆን ነበር። ጸጋአብ ስለሆነ ግን አመማት። ስለ ሶዶ ስትነግረው በዚያ ሙሉ ፊቱ ሲያዳምጣት የነበረው ምን እያሰበ ነው?

ሳምንቱን ስልኩን አላነሳችም። የድምፅ መልእክት ይተውላታል። «ውቤ፣ ደጋግሜ ኮል አደረግኩልሽ። ሽማግሎቹ ደስ ብሏቸው ነው የተመለሱት። ትንሽ ነገር ነበረች፣ ጨርሰናታል ብለውኛል። አንቺ ለምን ዝም አልሽ?» ይላል ድምፁ። «ትንሽ ነገር» የምትለዋን ደጋግማ ሰማቻት። ለእሱ ትንሽ ናት ማለት ነው።

ቅዳሜ ብቻዋን ሪድዋን ዘንድ ሄደች። አካሄዷን ያየ ሞተር ልትገዛ ነው አይልም፤ ልትጣላ ነው ይላል። ሱቁ ውስጥ ካሉት ሁሉ ግዙፉን፣ ዘጠኝ መቶ ሲሲውን ጥቁር ሞተር አሳየችው።

«ይኼ ከአንቺ ጋር አልተዋወቀም እህቴ» አለ ሪድዋን። «ባለፈው አምስት መቶው ላይ ነበር የሳቅሽው።»

«ይኼን ነው የምፈልገው። ትምህርቱን ወስጃለሁ፣ ፈቃዴም ይኸው።»

«ፈቃዱን አየሁት። ፊትሽንም አየሁት። ዛሬ መንገድ አታወጪውም፣ እዚሁ ጓሮ ታዞሪዋለሽ።»

ጓሮው ሰፊ አስፋልት ነው። አስነሳችው። ድምፁ ደረቷ ውስጥ ገባ፤ ለአፍታ ሶዶ ናት፣ ለአፍታ ማንም ምንም አልወሰደባትም። ማርሽ አስገብታ ፍሪሲዮኑን ለቀቀችው፣ ሄደላት። ጥጉ ጋ ደርሳ ስታዞረው ግን አጥሩ የቀረበባት መሰላትና መሪው እንደተጣመመ የፊቱን ፍሬን ጭብጥ አደረገችው። ድሮ ያን ቀላል ያማሃ እንዲህ ስታደርገው በእግሯ ደግፋ ታድነው ነበር። ይህ ግን እግሯን አልጠበቀም። እሷ ዘላ ወረደች፣ ሞተሩ በጎኑ ተኛ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

ምንም አልሆነችም። ግን ሪድዋን እስኪደርስ አልጠበቀችም፤ መሪውን ይዛ ለማንሳት ስትታገል እንባዋ መጣ። ያ ብረት ንቅንቅ አላለም። ሁለት እጆች ከእጆቿ አጠገብ መሪውን ያዙ። የቢሮ ጫማ ያደረገ እግር አስፋልቱን ሲቆነጥጥ አየች። ሪድዋንም ደረሰና ሦስቱ አንስተው አቆሙት። ጸጋአብ ነበር፤ ስልክ አላነሳ ብትለው ሊፈልጋት መጥቷል።

«ተጎዳሽ?» አለ እያለከለከ። «የት ጋ ነው? እግርሽን አሳዪኝ።»

«እግሬን ተወው። ደስ አይልህም? ቃልህን ሞተሩ ራሱ ሞላልህ።»

«የቱን ቃል?»

«የሞተር ነገር ከእንግዲህ አይነሳም ያልከውን። በስምህ ለወንድሜ የተሰጠውን።»

ጸጋአብ መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ፊቱ የሌላ ሰው፣ የልጅ ፊት ይመስላል። ሪድዋን የተጣመመውን የፍሪሲዮን እጀታ የሚያይ መስሎ ሞተሩን እየገፋ ራቀ።

«እኔ ጋሽ ተሻገርን ያልኳቸው ‹ሂዱና ጠይቁልኝ› ብቻ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እውነቴን ነው ውቤ። ትንሽ ነገር ሲሉኝ የሠርጉ ቀን መስሎኝ ነበር። ሞተርሽን ነው እንዴ ትንሽ ያሏት?»

ልቧ ሊያምነው ሲንደረደር ያ ነገር ያዛት።

«ታዲያ የኋላውን ወንበር ምን ስትለካ ነበር? ልታስቀምጠኝ አይደለም?»

ጆሮዎቹ ሲቀሉ አየች። የአርባ አምስት ዓመት ሰው እንዲህ ሲያፍር አይታ አታውቅም።

«ለራሴ ነው» አለ።

«ምን ማለት ነው ለራሴ?»

«አንቺ ስትነጂ እኔ የት ልቀመጥ ነው? ረጅም ነኝ፣ ጉልበቴ የት እንደሚደርስ እያየሁ ነበር። አንዳንዱ ወንበር ጠባብ ነው።» ቆም አለ። «እፈራለሁ፣ ታውቂያለሽ። አንዳንዴ ሌሊት ሳስበው ያልበኛል። ግን ስለ ሶዶ መንገድ ስታወሪ ፊትሽ እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። ሌላ ጊዜ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም። እዚያ ፊት አጠገብ መሆን አማረኝ። ከኋላ ከተቀመጥኩ ፊትሽን እንደማላይ የገባኝ ቆይቶ ነው።»

ውብአለም መሳቅ ጀምራ ማልቀስ መጣባት። ሁለቱም አብረው መጡ። ያ ሁሉ ሳምንት የተሸከመችው ቂም የት እንደሄደ አላወቀችም፤ የቀረው ፍቅር ብቻ ነበር፣ ያውም ከበፊቱ የበዛ።

ጸጋአብ ግን ስልኩን አውጥቶ ነበር። ስፒከር ላይ አደረገው።

«ጋሼ፣ ጸጋአብ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በቅዳሜ አስቸገርኩዎት። ለብርሃኑ በስሜ የሰጡት ቃል አለ፤ የሞተር።»

«አዎ ልጄ» አሉ ጋሽ ተሻገር፣ ደስተኛ ድምፅ ነው። «ያቺን ቃል ባንሰጥ ኖሮ ባዶ እጃችንን ነበር የምንመለሰው። ጌታ ረዳን።»

«ያቺ ቃል የእኔ አልነበረችም ጋሼ። የእርስዎም አልነበረችም። የውብአለም ናት። መልሰው ይውሰዱልኝ።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ጸጋአብ። ሽማግሌ እሺ ካስባለ በኋላ ተመልሶ አያንኳኳም። ቃሉን ካነሳህ እሺታውም አብሮ ይነሳል። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«ሠርጉ ይቀራል እኮ ነው የምልህ።»

ጸጋአብ ውብአለምን አያት። «እርስዎ ደውለው ቃሉን ያንሱልኝ። እሺታውን እኔ ራሴ ሄጄ እለምናለሁ። እሷ ያላወቀችው ነገር ተከፍሎባት አላገባትም።»

«ሽማግሌ ከሆንኩ ወዲህ የተሰጠውን እሺታ የሚመልስ ሙሽራ አላየሁም» አሉ ጋሽ ተሻገር። ከዚያ ረጋ ብለው «እደውላለሁ። እግዚአብሔር ይርዳህ» ብለው ዘጉ።

ሪድዋን ከሩቅ ጮክ ብሎ «አሁን ተረጋግተሻል፣ አሁን ምረጪ» አላት።

ሱቅ ገብታ አምስት መቶው ላይ ተቀመጠች። ሁለት እግሯ በሙሉ መሬት ተኛ። በጉልበቶቿ ስታቅፈው ሰልባትዮው ልክ ገባላት። የፍሬኑ እጀታ በአራት ጣቷ ውስጥ ያለ ጭንቀት ተጨበጠ። ወዲያና ወዲህ ስታዘነብለው ክብደቱ እሷን እየጠየቀ ነው እንጂ እያዘዛት አይደለም። የሃያ ሰባት ዓመቷ ሲስተር ይህን ብታይ ትስቅባት ይሆናል። የአርባ አንድ ዓመቷ ሴት ግን ወገቧ ሳያማት፣ ልቧ ሳይፈራ ተቀምጣለች።

«ይኼን» አለች። ከዚያ ወደ ጸጋአብ ዞረች። «ዘንድሮ ግን ከኋላዬ ማንም አይቀመጥም። ሶዶ ላይ ክትባት እንጂ ሰው ጭኜ አላውቅም። መጀመሪያ እጄ ይመለስ።»

«እጠብቃለሁ» አለ ጸጋአብ። ትንሽ እፎይ ያለ መሰላት። እሱም አልካደም።

ኢንሹራንሱና ታርጋው አልቆ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሬክስዴል ሄዱ። እሷ በሞተሯ፣ እሱ በመኪናው ከኋላዋ። ሀይዌይ አልገቡም፤ በየመብራቱ እየቆሙ፣ በውስጥ መንገድ ነበር የሄዱት። ስፖኪዮዋን ባየች ቁጥር እዚያው አለ። ሌላ መኪና መሃላቸው እንዳይገባ ሲጣጣር አንድ ሁለት ጊዜ ተሰድቧል። እጇ በየመንታ መንገዱ አንድ አንድ ነገር እያስታወሰ መጣ፤ እሷ ግን ወንድሟ ምን እንደሚላት ነበር የምታስበው።

ብርሃኑ ደጅ ቆሞ ጠበቃቸው። ጋሽ ተሻገር ደውለውለታል። ፊቱ እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው። ጸጋአብ እጅ ነስቶ አፉን ሲከፍት ውብአለም ሄልሜቷን እንዳደረገች መስታወቱን ብቻ ወደ ላይ ገፍታ ቀደመችው።

«እኔ ልናገር» አለች። «ጋሼ፣ ሞተሩን ገዝቻለሁ፤ በሱ አልለምንህም። እሺታህን ግን እለምንሃለሁ፤ ያለ አንተ ምርቃት አላገባም። ሁለቱንም ነው የምፈልገው።»

«ሀይዌይ አራት መቶ አንድ ላይ ምን እንደማይ ታውቂያለሽ?» አለ ብርሃኑ። «ባለቤቱ የሌለ ሄልሜት መንገድ ላይ ሲንከባለል አይቻለሁ። ሰው እንዳይጨፈልቀው ትራኬን አቁሜ አነሳሁት። አንድ ነገር ብትሆኚ የሚደወለው ለእኔ ነው ውቤ። ለእማዬ የምነግራት እኔ ነኝ። ምን ብዬ?»

ይህን ነግሯት አያውቅም። እምቢታውን ሁሉ የታላቅነት ትዕዛዝ አድርጋ ነበር የያዘችው። ያን ሁሉ ዓመት ያን ሄልሜት ተሸክሞ ሲነዳ እንደነበር አሁን ገና ገባት።

«ሶዶም ወንዝ ሲሞላ ነድቻለሁ» አለችው በለሰለሰ ድምፅ። «ያኔ አንተ እዚህ ነበርክ፣ አታየኝም። አሁን ታየኛለህ።»

ብርሃኑ የትራኩን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ «ተከተሉኝ» አለ።

ትራኩ ከቤቱ ጥቂት አለፍ ብሎ ካለው ማቆሚያ ቆሟል። ውብአለምን በትራኩ ቀኝ፣ ከበሩ ትንሽ ወደ ኋላ አቆማትና ወደ ሾፌሩ ወንበር ወጣ። መስኮቱን አወረደ።

«አላይሽም» ሲል ሰማችው። «እዚያ ቆመሽ እኔ አላይሽም። ሾፌሩ ክፉ ሆኖ አይደለም። እዚያ ቦታ ላይ ሰው ሁሉ የለም። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ነይ። አሁንም የለሽም። ነይ። ነይ።»

ጸጋአብ ሳይጠራ ሄዶ አጠገቧ ቆመ። አብረው ተራመዱ። ትልቁ ስፖኪዮ ውስጥ መጀመሪያ ሰማይ ነበር፣ ከዚያ የወንድሟ ትከሻ፣ ከዚያ ፊቱ መጣ። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«አሁን አየኋችሁ» አለ ብርሃኑ። ያ ወፍራም ድምፅ መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ። «ሁልጊዜ እዚህ ጋ ሁኚ። የሾፌሩን ፊት ካላየሽ እሱም አላየሽም። ሰማሽኝ?»

«ሰማሁህ ጋሼ።»

ወዲያው አልወረደም። በመስታወቱ ውስጥ ፊቱን በእጅጌው ሲጠርግ አየችው፤ እሱም እንዳየችው አየ፣ አልደበቀም።

«ለጋሽ ተሻገር እደውላለሁ» አለ በመጨረሻ። «እሺ ብያለሁ፣ ለሁሉም ይንገሩ እላቸዋለሁ። በምላሹ ምንም ቃል አልጠየቅኩበትም እላቸዋለሁ።»

ጸጋአብ የውብአለምን እጅ ፈልጎ ያዘ። እሷም ከወንድሟ ፊት ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ጣቶቹን አጥብቃ ጨበጠች፣ ሄልሜቷ ውስጥ እንባዋ ጉንጯን አልፎ አንገቷ ድረስ ይወርድ ነበር።